እናቴን ከጎን የሣልኩ ጊዜ

እናቴ ፎቶ ስትነሳ ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ግራ ታዞራለች። በእኔ ምርቃት፣ በወንድሜ ሠርግ፣ በልጆቹ ክርስትና፣ የትም ብትነሳ ለካሜራው የምትሰጠው ቀኝ ጉንጯን ብቻ ነው። ግራ ዓይኗ ነጭ ነው። ልጅ ሳለች እናቷ እንሰት ስትፍቅ አጠገቧ ቆማ ታይ ነበር፤ ከመፋቂያው የቀርከሃ ስንጥር ተፈናጥሮ ዓይኗን ወጋት። ሐኪም ቤት ሩቅ ነበርና ዓይኗ እንደዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሻሿን በግራ በኩል ዝቅ አድርጋ ነው የምታስረው። ሀይሌ ጋርመንት ባለው የቅቤ ሱቋ ውስጥ መቀመጫዋን ያስቀመጠችው ደንበኛ በቀኟ በኩል እንዲመጣባት አድርጋ ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ስታወጣ፣ ፎቶው ፊት ለፊት ካልሆነ አይሆንም ብለው ሁለቴ መለሷት። በሦስተኛው እያጉረመረመች ተነሳች፤ መታወቂያውን ግን ለእኔ እንኳ አሳይታኝ አታውቅም።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ እሱ ጥፋቴ ስለማይገባ ነው።

እኔ ሠዓሊ ነኝ። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ደስ ይለኛል፤ ሰው ሲጠይቀኝ ግን አስተማሪ ነኝ ነው የምለው። ጠዋት ጠዋት ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከእናቴ ሱቅ ሁለት በር አልፎ ባለች ጠባብ ክፍል የሱቅ ማስታወቂያ እሥላለሁ። ዶሮ ሥያለሁ፣ ጎማ ሥያለሁ፣ ጥርስማ አይወራ፤ በዚህ የከተማው ጫፍ ከአንድ የጥርስ ሐኪም በላይ ጥርስ የማውቅ ይመስለኛል። አሁን አሁን ሁሉም ሰው በማሽን እያሳተመ እኔን የሚፈልገኝ ቀንሷል። የራሴ የምለው፣ ሰው ቆሞ የሚያየው ትልቅ ሥራ አንድም አልነበረኝም። ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር፤ ተፈጥሮዬም ቁጡ ነው።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ሲስተር የመጣችው። ሲስተር ሀና ማርያም ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይታ የማዋለጃ ክሊኒክ ልትከፍት የተነሳች ሴት ናት። ዕድሜዋን በሙሉ ያዋለደች፣ ድምጿ ወፍራም፣ መዳፏ ሰፊ፣ ከደቡብ የመጣች፣ ጠበቅ ያለች ጴንጤ። ገና ሳትቀመጥ ነው ጉዳይዋን የጀመረችው።

«ሰሌዳ ነው?» አልኳት።

«ሰሌዳውንም ትጽፊያለሽ። ዋናው ግን ግድግዳው ነው። እናቶች ተራ የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ ባዶ ግድግዳ አለ። ምጥ የጀመራት ሴት ዓይኗን የምታሳርፍበት ነገር ትፈልጋለች። እናት ሣይልኝ።»

«ማርያምን?»

«እናት ነው ያልኩሽ። እኔ ጋ ኦርቶዶክሷም ትመጣለች፣ ሙስሊሟም ትመጣለች፣ የእኛም ሴቶች ይመጣሉ። አንዷም ብትሆን ይሄ የእኔ ቤት አይደለም ብላ እንድትመለስብኝ አልፈልግም። ሁሏም እናቴ የምትላት አንዲት ሴት፣ በቃ።»

እሷ በቃ ስትል ቀላል ይመስላል። የሰው ልጅ ድንጋይ መጥረብ ከጀመረ አንስቶ ሲሞክረው የኖረውን ነገር ነበር በሁለት ሳምንት አድርሺልኝ ያለችኝ። እሺ አልኩ። እንኳን በሁለት ሳምንት በሁለት ቀን ብትለኝም እሺ ማለቴ አይቀርም ነበር።

ሥዕል ስንማር አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩን። መጋረጃውን ዘግተው፣ በሚንጫጫ ማሽን ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበሩ ነበር ስለ አማልክት እናቶች የሚያስተምሩን። መጀመሪያ የምትመጣው ከጡጫ የማትበልጥ የድንጋይ ሴት ናት፤ ጡቷ ትልቅ፣ ሆዷ ትልቅ፣ ፊት ግን የላትም። ቀጥሎ በሁለት አውሬዎች መሐል የተቀመጠችው ትመጣለች። ከዚያ ልጇን ከምድር በታች የወሰዱባትና በኀዘኗ እህሉን ሁሉ ያደረቀችው የግሪኮች የእህል እናት። ከዚያ የግብፆቹ ኢሲስ፣ የላም ቀንድና ፀሐይ ራሷ ላይ ደፍታ፣ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስታጠባ። በመጨረሻ የእኛን ማርያም ያመጣሉ። «አያችሁ፣ ወንበሩ ያው ነው። የምትቀመጥበት ሴት ናት የምትለዋወጠው» ይሉን ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ስለ አቴቴ ጠየቀቻቸው፤ የኦሮሞ ሴቶች ልጅና ከብት እንድትሰጣቸው በጨሌና በቅቤ ስለሚለማመኗት። መምህራችን ማሽናቸውን አጠፉና «እሷ ፎቶ አትወድም» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

የእኔን ልብ የወሰደችው ኢሲስ ነበረች። ግብፆች ሰውን የሚሥሉት ከጎን ነው፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጉንጭ፣ ቀጥ ያለ አንገት። የዚያን ዕለት በጨለማው ክፍል ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠችው ልጅ «እናቴን ነው የምትመስለው» ብዬ ሹክ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ሲስተር እናት ሣይልኝ ስትለኝ መጀመሪያ የመጣችብኝም ያቺው ናት። ወንበሩ ላይ እናቴን አስቀምጣለሁ፣ ልጅ አሳቅፋታለሁ፣ ፊቷንም ከጎን አደርገዋለሁ አልኩ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት «እኔን? ቅቤ ነጋዴዋን? እረፊ!» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ደግሞም ትልቅ ስጦታ የምሰጣት መስሎኝ ነበር። ነጩን ዓይኗን ሸሽጌላት፣ እሷ እንደምትወደው በመልካሙ ጎኗ፣ እንደ ንግሥት አስቀምጬ ልሥላት ነው። አንድ ቀን እጇን ይዤ አምጥቼ አሳያታለሁ እያልኩ በሐሳቤ እንባዬ ሁሉ ይመጣ ነበር። እንደኔ ያለ ሞኝ በየት አገር ይገኛል?

ሁለት ጠረጴዛ ደራርቤ ላዩ ላይ ወጥቼ እሠራለሁ፤ ሲስተር እታች መዝሙር እያንጎራጎረች አልጋ ትወለውላለች። አልፎ አልፎ ቀና ብላ ታይና አስተያየት ትሰጣለች። «ጌታ ይባርክሽ፣ አፍንጫዋ የሰው አፍንጫ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ ከዚያ የሚበልጥ ሙገሳ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ለሴትየዋ ሰማያዊ ልብስ ደረብኩላት። ሰማያዊ ስለምወድ እንጂ ሌላ ምንም አላሰብኩም ነበር። ሲያልቅ ለምርቃቱ ቀን ብዬ በአንሶላ ሸፈንኩት። ክሊኒኩ የሚከፈተው ቅዳሜ ነው።

ከቅዳሜው በፊት ግን ግንቦት ልደታ ነበረች፤ ማክሰኞ ዋለች። የማርያም የልደት ቀን ነው። የሰፈራችን ሴቶች በዚያን ቀን ሜዳ ላይ ወጥተው ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ መንገደኛ ካለፈም ጠርተው ያቀምሳሉ። ለልደታ የወጣ ምግብ ወደ ቤት አይገባም፤ እዚያው ውጪ ተበልቶ ማለቅ አለበት። የእኛዎቹ የሚሰበሰቡበት ዛፍ ደግሞ ከድሮም ጀምሮ አሁን ክሊኒክ የሆነው ግቢ በር ላይ ነው። ሲስተር መጀመሪያ ትንሽ ተጨነቀች። በኋላ «ልደታን አላከብርም፤ ንፍሮ ግን ምን በደለኝ?» ብላ ወንበሯን አውጥታ መሐላቸው ተቀመጠች። ልብስ ሰፊዋ ሙስሊም ጎረቤታችን እንደ ሁልጊዜው አንድ ሳህን ቴምር ይዛ መጥታለች። እናቴ ሱቋን መዝጋት ስላልሆነላት ለዳቦው ቅቤ ልካ ቀርታለች።

ንፍሮው ከእሳት ሳይወርድ ዝናቡ መጣ። የግንቦት ዝናብ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ሁሉም ድስቱን፣ ዳቦውንና ሳህኑን አንስቶ ወደ ክሊኒኩ በር ሮጠና በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። የልደታ ምግብ እንዴት ጣሪያ ሥር ይገባል? ሴቶቹ በዝናብ እየተመቱ ተከራከሩ። ነገሩን የቆረጡት እማማ ናቸው። እማማ የሰፈሩ ሁሉ እማማ ናቸው፤ ወለጋ ተወልደው እዚህ ያረጁ፣ ዘጠኝ ልጅ የወለዱ፣ ቃላቸው የማይመለስ። «ቤት የሚባለው ሰው የሚያድርበት ነው። እዚህ እስካሁን ያደረ አለ?» አሉ ሲስተርን። ሲስተር የለም አለች። «እንግዲያው ሜዳ ነው» አሉና ቀድመው ገቡ። ድስቱ ተከተላቸው።

ያን ሁሉ ሴት በአንድ ክፍል ስታይ ሲስተር መታገሥ አቃታት። «ግድግዳዬን ላሳያችሁ!» ብላ አንሶላውን ሳበችው።

ከዚያ እማማ ዱላቸውን ተደግፈው ቀረቡ።

«ይቺ ማን ናት?»

«እናት ናት» አለች ሲስተር።

«ሰማያዊ ለብሳ፣ ልጅ ታቅፋ፣ በልደታ ቀን። ማን እንደሆነችማ አጣኋት እንዴ? ሌላው ዓይኗ የት ሄደ ነው የምለው።»

«ከጎን ስለሆነች ነው እማማ» አልኩ ከኋላ። «ሌላው በዚያኛው ወገን ነው።»

እማማ ጉንጫቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው በዚያኛው ወገን ለማየት ሞከሩ። «የለም» አሉ።

እዚህ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ያደገ ሁሉ የሚያውቀውን፣ እኔ ግን ዓመታት ተምሬ የዘነጋሁትን ነገር መናገር አለብኝ። በእኛ አሣሣል ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ነው የሚያዩን። ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው፤ ጌታን የገረፉት ናቸው። ልጅ ሆኜ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ክፉውን ከደጉ የምለየው ዓይን እየቆጠርኩ ነበር። የግብፅን ጥበብ ሳደንቅ የራሴን ቤት ሕግ ረሳሁት። ይኸው ነው ጥፋቴ፤ ገና እማማ ዱላቸውን ወደ ሥዕሉ ሲቀስሩ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የልጅ ልጄ በሚቀጥለው ወር እዚህ ልትወልድ ነው። በአንድ ዓይኑ እያፈጠጠባት ነው የምታምጠው?»

አንዷ ነፍሰ ጡር ነጠላዋን ሆዷ ላይ ጎተት አደረገች። የሳቁም ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ልትረዳኝ ፈልጋ «እኛ ዘንድ እንዲያውም መልክ ባይሣል ነው ደስ የሚለው። ወላሂ ፊቷን እንዳለ አጥፊው፤ ልብሷ እኮ በጣም ያምራል» አለች። ያቺ ከጡጫ የማትበልጠው ፊት አልባ የድንጋይ ሴት ትዝ አለችኝ፤ ግን የሚሰማኝ አልነበረም። እኔም ንዴቴ መጣና ግብፆች ታላላቅ እናቶቻቸውን ሁሉ እንዲህ ነው የሚሥሉት፣ ይሄ ክብር ነው ብዬ ጮህኩ።

«ግብፅ የፈርዖን አገር አይደለችም?» አሉ እማማ በጣም ረጋ ብለው። «ፈርዖንስ መጨረሻው ምን ሆነ?»

ይሄ ሳያንስ ንፍሮ የምታድል አንዲት ልጅ ጭልፋዋን እንደያዘች ጠጋ አለችና «ቆይ ቆይ፣ ይቺ የቅቤዋ እትዬ አይደለችም እንዴ?» አለች።

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ሁሉም እናቴን ያውቃታል። ሁሉም ዓይኗን ያውቃል። ማንም ግን ስለሱ አንስቶ አያውቅም።

ሴቶቹ ሲወጡ ሲስተር ትከሻዬን ያዘችኝ። «እኔ ወድጄዋለሁ» አለች። «ግን ቅዳሜ ልከፍት ነው። ሴቶቹ ፈርተው ከቀሩብኝ ለማን ነው የማዋልደው? ወይ አዙሪያት፣ ወይ ነጭ ቀለም ልቀባው።»

ወሬው ታክሲ ይዞ መሆን አለበት፣ ከእኔ ቀድሞ ሀይሌ ጋርመንት ደረሰ። በመንገድ ላይ እያበጠም ሄዷል። እናቴ ጆሮ የደረሰው፣ ልጅሽ አንድ ዓይና ሰይጣን አድርጋ ግድግዳ ላይ ሣለችሽ የሚል ነበር።

እናቴ ስትናደድ አትጮህም፤ አንቱ ትለኛለች። አብረን ነው የምንኖረው፤ የዚያን ቀን ቤት ስገባ «እራትዎ ቀርቧል» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት «ጃንጥላዎን እንዳይረሱ» አለች። ላስረዳት አፌን ስከፍት ሬዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች። ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ ቤቴ እንደ ባለሥልጣን ተከብሬ ከረምኩ። ከዚህ ሁሉ የጎዳኝ ግን ሻሿ ነበር፤ ቤት ውስጥ እኔ ፊት እንኳ እስከ ቅንድቧ አውርዳ ማሰር ጀመረች።

ሐሙስ ከሰዓት ሱቋ ሄድኩ። ለአንዲት ሴት ለጋ ቅቤ እያስቀመሰች ነበር። እንደ ልማዴ በቀኟ በኩል በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

«ምን ልታዘዝ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ በፈጠረሽ ስሚኝ።»

«ለጋ አለ፣ መካከለኛ አለ፣ በሳል አለ።»

ደንበኛዋ ሳቋን ይዛ ወጣች። እኔም አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ስለ መምህሬ፣ ስለ ኢሲስ፣ ስለ ወንበሩ። የግብፅ ሰዎች ሺህ ዓመታት ሙሉ ኢሲስን በየቤታቸው እንዳከበሯት ነገርኳት።

«ግብፅ ከእኔ ቅቤ ገዝታ አታውቅም» አለች። ከዚያ እጇን በጨርቅ ጠረገችና ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንቺ ጠራችኝ። «ለምን ከጎን ሣልሽኝ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«ፎቶ ላይ ሁልጊዜ እንደዚያ ስለምትሆኚ። ደስ የሚልሽ መስሎኝ።»

«ፎቶ የሚያነሳኝ ሰው ነው» አለች። «ለሰው እዞራለሁ። ለአንቺ መቼ ዞሬ አውቃለሁ? ስትጠቢ እያየሁሽ ነው ያጠባሁሽ፤ በሁለቱም። ያኛው ባያይ እንኳ ወደ አንቺ ነበር። ልጅ አሳቀፍሽኝ አሉ፤ ልጄን አቅፌ ፊቴን የማዞር ሴት ነኝ እኔ?»

እንዲህ ትላለች ብዬ አልጠበቅሁም። የተቆጣችው በሰይጣኑ ወሬ አልነበረም። ስለ ዓይኗ ያፈርኩባት መስሏት ነበር፤ ደግሞም እንደዚያው ነው። ስጦታ ያልኩት ሁሉ እፍረቴ ነበር፤ ገባኝና እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

«ቅቤው ላይ እንዳታለቅሺ» አለች ሳህኑን ፈቀቅ አድርጋ። «ደንበኛ አለኝ።» ከዚያ «መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች።

«ቅዳሜ።»

«እንግዲያው ነገ በምሳ ሰዓት እዘጋለሁ።»

አርብ የድሮውን ፊት በነጭ ቀብቼ ጠበቅኋት። ልብሱም፣ ልጁም፣ ወንበሩም እንዳለ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ጉድጓድ። እናቴ ገብታ ለረጅም ጊዜ አየችው። «እጄን አሳምረሽዋል» አለች። ከዚያ ተራ በሚጠበቅበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች። ሲስተር በሩን ዘግታልን ወጣች።

ግንባሯን ሣልኩ፣ አፍንጫዋን ሣልኩ፣ ቀኝ ዓይኗን ሣልኩ። ቀኝ ዓይኗን ጨለማ ውስጥም እሥለዋለሁ። ወደ ግራው ስደርስ እጄ ቆመ። አላውቀውም ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ልጇ ሆኜ ኖሬ፣ ማዕድ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም፣ ሱቅ ውስጥም ሁልጊዜ በቀኟ የምቀመጠው እኔው ራሴ ነበርኩ። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም።

«ምነው ቆምሽ?» አለች።

«ጤነኛ አድርጌ ልሣለው?» አልኳት። «የሚመጣው ሰው ሁሉ አያውቅሽም።»

«ልጁ ያውቃል» አለችኝ፣ ግድግዳው ላይ ያቀፈችውን ሕፃን በአገጯ እያሳየች። «ነይ ቀርበሽ እዪው።»

ከጠረጴዛው ወርጄ ፊቷ ተንበረከኩ። ነጭ ብቻ አልነበረም። ጠርዙ ሰማያዊ ይላል፤ መሐሉ የወተት ዓይነት ሆኖ አንድ ቀጭን ቡናማ መስመር ያልፍበታል፤ ስትስቅ ከሌላኛው ጋር አብሮ ይጠባል። ቀኝ ዓይኗ ላይ ያለው ሽፋሽፍት ሳስቷል፤ የግራው ግን የልጃገረድ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ። እናቴ ቆንጆ ናት። ይህን ነገርኳት። «ዛሬ ነው ያወቅሽ?» አለች፤ ግን ደስ እንዳላት ከጉንጯ አየሁ። ከምሳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሣልኩ። ሰማያዊውን ለማግኘት ብቻ ሦስቴ ቀለም በጠበጥኩ።

ቅዳሜ ሁሉም መጣ። እማማ ሰውን እየገፉ ቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱና ጣታቸውን ቀስረው «አንድ፣ ሁለት» ብለው ቆጠሩ። ግራው ላይ ዘግየት አሉ። «ሁለት ናቸው» አሉ። «የትም ብቆም እያየችኝ ነው።» ወደ ዳር ሄደው ሞከሩ፣ ተመልሰውም ሞከሩ። «እኛ አገር ሴት ስታምጥ የወላድን እናት ማራም ብላ ነው የምትጠራት» አሉና እጃቸውን ሳም አድርገው ግድግዳውን ነኩት። ሲስተር ሥዕል ሲሳም ማየት ስላልፈለገች ጣሪያውን ታይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መልኩን በጣም ሳታይ «ማሻአላህ፣ ልብሱ» አለች፤ የልብሱን ስፌት እንዴት እንደሣልኩት ጠየቀችኝ፤ እጅጌው ላይ ስህተት አግኝታ ነገረችኝ። አስተካከልኩት።

የመጀመሪያዋ ወላድ በሳምንቱ መጣች። እኔ ያን ዕለት ጠዋት ከግርጌ ያለውን ቀለም ላጥብቅ ሄጄ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ለአራስ ገንፎ የሚሆን ቅቤ ለሲስተር ልታደርስ አብራኝ መጥታለች። ልጅቷ በጣም ወጣት ናት። ባሏ ወረቀት ሊያስጽፍ ወጥቶ ብቻዋን ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ምጡ ሲመጣባት ግድግዳ ትይዛለች። አንዴ ሲለቃት ቀና አለችና ሥዕሉን አየች። ዓይኗ እዚያው ቀረ።

«ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

ብሩሼን ይዤ ቆምኩ። መምህሬ ያሳዩን ሴቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ አፌ ላይ መጡ፤ የቷን ልበላት? ሳስብ እናቴ የቅቤውን ዕቃ አግዳሚው ላይ አስቀመጠች። ሄዳ ልጅቷ ፊት ቆመች፤ በቀኝም አይደለም፣ በግራም አይደለም። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች።

«እኔ ነኝ» አለቻት። «ነይ፣ እኔን ያዢኝ።»